እናቱ የማትታወቅ ኮርማ

ፈይሳ ከሰው ጋር ሲያወራ ድምፁ አይሰማም፤ ከከብት ጋር ሲያወራ ግን ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ሀሽሚ ገበያ ውስጥ ምግብ ቤት ያላት ጥላነሽ ይህን ደጋግማ ትናገራለች። «ሰላም ስትለው የምታየው ከንፈሩን ብቻ ነው። ጊደሮቹን ሲጠራ ግን የሼክ ዑስማን ሰፈር በሙሉ ይነቃል» ትላለች። የማውቀውን ብዙውን የነገረችኝ እሷ ናት፤ የቀረውን ከራሱ ከፈይሳ ቀስ በቀስ፣ አንዳንዴ በወር አንድ ዐረፍተ ነገር እያገኘሁ ነው የሰበሰብኩት።

ዓደን የገባው በፈረንጆቹ ዘጠና አራት ከተደረገው የየመን ጦርነት በኋላ በአራተኛው ዓመት ነው። እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ሳዑዲ ሊያልፍ ነበር። ከነጌሌ ቦረና ቆላ ተነስቶ እስከ በርበራ፣ ከበርበራ ሰንቡቅ በሚሉት የእንጨት ጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ መጣ፤ ለጥቂት ሳምንት ብሎም ሁጀይፍ፣ ወደቡ አጠገብ ባለው የዐብደላ ሐውሽ ሥራ ያዘ። ሐውሹ በግንብ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው፤ ከባሕር ማዶ በጀልባ የሚመጡ ከብቶች ወደ ቄራ እስኪነዱ የሚቆዩበት። ጥቂቱ ሳምንት አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። አብረውት የተሻገሩት አልፈው ሄዱ። ከእነሱ በኋላ የመጡትም አለፉ። አንድ ሁለት ሳምንት አብረውት ከብት ያወርዳሉ፣ ስሙን ይለምዳሉ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት አይገኙም። ከጊዜ በኋላ ፈይሳ የአዲስ መጪዎችን ስም መጠየቅ ተወ።

ሦስቱ ጊደሮች የማንም አልነበሩም። አንዳንዴ የከበደች ላም ሳይታወቅ ከሚታረዱት ጋር ተጭና ትመጣለች፤ ጀልባው ላይ ወይም ሐውሹ ውስጥ ትወልዳለች። እናቲቱ ተራዋ ሲደርስ ትነዳለች፣ ጥጃዋ ይቀራል። ወደብ ላይ ለጥጃ የሚሆን ጊዜ ያለው ሰው የለም። ፈይሳ እንዲህ የቀሩትን ወደ ቤቱ እየወሰደ በጠርሙስ የዱቄት ወተት ያጠባ ነበር። ብዙ ሞቱበት። እነዚህ ሦስቱ ተረፉለት፤ በመልካቸው ሐመር፣ ዳልቻና ቡሬ ብሎ ጠራቸው። ነገር ግን የእናት ወተት ያልጠገበ ጥጃ አጥንቱ አይሰፋም። ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ሲል እንኳ ቁመታቸው ከፈይሳ ወገብ ብዙም አያልፍም፣ ዳሌያቸውም ጠባብ ነበር።

የሚኖረው ከእነሱ ጋር ነው። ከሼክ ዑስማን ወጣ ብሎ፣ የአትክልት እርሻዎቹ ከሚጀምሩበት ጫፍ ላይ፣ ከቆርቆሮና ከዘንባባ ዝንጣፊ በረት ሠርቷል፤ አንዲት ክፍል ቤቱም ከበረቱ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሁጀይፍ ይወርዳል፣ ማታ ቀሰብ ተሸክሞ ይመለሳል። ቀሰብ የሚሉት ለከብት የሚሰጠውን የማሽላ አገዳ ነው።

ጊደሮቹ በደህና ቢወልዱ ወተት ይኖረዋል። ጥላነሽ ለሻሂ የሚሆናትን ከእሱ ልትወስድ ቃል ገብታለች፣ ጎረቤቶቿንም ልታመጣለት። ያኔ ከብት ለቢላ ማውረድ ይቀርለታል። አንዷ በምጥ ብትሞትበት ግን ከሦስት አንዷ ሄደች ማለት ነው፤ እንደገና ከጠርሙስ ለመጀመር ደግሞ ጉልበቱም ዕድሜውም እንደማይበቃው ያውቃል። በረቱ ከአንድ ኮርማ በላይ አይዝም፣ ቀሰቡም ከአንድ በላይ አያበላም። ሁሉ ነገር ያረፈው በዚያ በአንዱ ምርጫ ላይ ነበር።

እርግጥ ቅርብ የሆነ ኮርማ ነበር። ጎረቤቱ ሀሺም፣ የላሕጅ ሰው፣ በአትክልቱ ውስጥ ሁለት ግዙፍ የፈረንጅ ላሞች አሉት፤ የመንግሥት እርሻ ሲበተን የገዛቸው ናቸው። ከእነሱ ጋር አንድ ቀይ የአገሩ ኮርማ ያረባል። ኮርማው አጭር ነው፣ አንገተ ወፍራም፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ። ላሞቹ ኮርማ በፈለጉ ቁጥር ሀሺም አካፋ ይዞ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ላሚቱን ጉድጓዱ ውስጥ ካላቆማት ቀዩ አይደርስባትም።

«ያ ሀሺም፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቀብር ነው?» ይለው ነበር ፈይሳ እንደ ዓረቦቹ «ያ» ብሎ በአጥሩ ላይ እየጠራው። በዓመት ውስጥ ከሰው ጋር የሚቀልዳት ቀልድ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

«ሳቅ አንተ» ይላል ሀሺም ላቡን እየጠረገ። «ኮርማ የሌለው ሰው በኮርማ ይስቃል።»

«ያንተንስ ኮርማ ነው ብለህ ነው? ፍየል ነው እንጂ።»

ፈይሳ ያን ፍየል ለጊደሮቹ አላሰበውም። የመንጋ አባት እንዲህ አይሆንም ብሎ ነበር።

ከዚያ በክረምቱ ማዕበል አንድ ቀን፣ የዐብደላ ጀልባ ወደቡ አፍ ላይ ሲያጋድል ከብቶቹ ደንግጠው ወደ አንድ ጎን ተጋፉ። ከብት ሊያወርድ ተሳፍሮ የነበረው ፈይሳ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ፣ በመካከላቸው ቆሞ፣ እየዳበሰና እየጠራ መለሳቸው። ዐብደላ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ የየመን ሰው ነው፤ አማርኛው የድሬ ነው፣ ደስ ሲለው ደግሞ የድሮ የዓደን ሰዎች ከእንግሊዝ ዘመን ያስቀሯትን አንዲት ቃል ጣል ያደርግባታል።

«አንተ ባትወርድ ኖሮ ግማሹን ዓሣ ይበላው ነበር» አለው። «ከሚመጣው ጭነት አንድ ራስ ያንተ ነው። ዐይንህ ያረፈበትን ውሰድ፣ ፈርስት ክላሱን! ብቻ አንካሳ መርጠህ እንዳታሳፍረኝ ያ ፈይሳ።»

«ኮርማ ነው የምፈልገው» አለ ፈይሳ።

«ታርደዋለህ?»

«አላርደውም።»

«እንግዲያማ ሙሽራ ምረጥ በለኛ!» ብሎ ሳቀ ዐብደላ።

የተባለው ጭነት ቅዳሜ ገባ። ስልሳ ያህል ከብት ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ያልተኮላሹት አሥራ አራት ኮርማዎች ናቸው። ፈይሳ እሑድን ሙሉ በሐውሹ ውስጥ ሲዞር ዋለ። በመጀመሪያ አልነካቸውም፣ ሲራመዱ ብቻ አየ። የኋላ እግሩን የሚጎትት ኮርማ ሸክሙን እንደማይችል ያውቃል። ከዚያ ሰኮናቸውን፣ ዐይናቸውን፣ ጥርሳቸውን አየ። ቆለጣቸውን ከኋላ ቆሞ መረመረ፤ እኩል የወረደ ነው ወይ፣ ጠጣር ነው ወይ። ሰው ሲጠጋቸው የሚወጉትን ለያቸው። እስከ ማታ ሦስት ቀሩለት። አንዱ ጥቁር ነው፤ ገና ሁለት ጥርስ የነቀለ ወጣት፣ መካከለኛ ቁመት፣ ዝምተኛ። እሱን ሊወስድ በልቡ ቆርጦ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ግን አንድ ግዙፍ ነጭ ኮርማ ከመጣ ጀምሮ ውኃ እንዳልቀመሰ ሠራተኞቹ ነገሩት። ሻኛው ወደ ጎን የወደቀ፣ ቀንዱ የተንሰራፋ፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ ነው፤ ግን ጎኑ ገብቷል። ገንዳው አጠገብ ይቆማል፣ ያሸታል፣ አይጠጣም።

ፈይሳ ቀርቦ ጆሮውን አየ። ግራ ጆሮው ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ጊዜ። ከነጌሌ ወዲያ፣ ከአባቱ ጉድጓድ በእግር ሁለት ቀን ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ምልክት ነው። በዚያ አገር ከብት የሚጠጣው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ውኃው እየተቀዳ ገንዳው እስኪሞላ ድረስ እረኛው ያፏጫል፣ ከብቱም ፉጨቱን ካልሰማ ተራዬ ነው ብሎ አይጠጋም።

ፈይሳ አፏጨ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አፏጭቶት አያውቅም ነበር። ነጩ ራሱን ቀና አደረገ፣ ጆሮዎቹን ወደ ፊት ላከ፣ ከዚያ አጎነበሰና ጠጣ። ፈይሳ ፉጨቱን ሲያቆም ያቆማል፣ ሲቀጥል ይጠጣል። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ቆመው አዩ። አንደኛው ሳቀ። ፈይሳ አልሳቀም፤ ገንዳው እስኪጎድል ድረስ አፏጨ።

ዕለቱን ጥቁሩን ረሳው። ለዐብደላ «ነጩን» አለው፤ ከማዓላ ሱቅ ቅቤ ገዝቶ መጥቶም የኮርማውን ግንባር ቀባ። በእነ ፈይሳ ቤት ግንባሩ ቅቤ የተቀባ ኮርማ የመንጋው አባት ነው። ከዚያ በኋላ ለሥጋ አይሸጥም፣ ቢላ አይነካውም፤ አርጅቶ በራሱ ይወድቃል።

ነጩን በኪራይ መኪና ጭኖ ሲያመጣው፣ መንገዱ በሀሽሚ በኩል ስለነበር ጥላነሽ ከምግብ ቤቷ ወጥታ አየችው።

«ውይ ውይ፣ ይሄ ኮርማ ነው ወይስ ቤት ነው የጫንከው?»

«ኮርማ ነው።»

«እሺ፣ ሙሽራውን አየነው። የማን ልጅ ነው?»

«ከአገሬ ነው።»

«አገሩን አልጠየቅሁህም። እኛ ወሎ ልጅ ስንድር እናቱ ማን ናት እንላለን። እናትየዋን ታውቃታለህ?»

ፈይሳ ወደ መኪናው ዞረ። ሾፌሩን ንዳ አለው።

ጥላነሽ የተናገረችው ለቀልድ ነበር፤ ግን የነካችው ዋናውን ነገር ነው። በፈይሳ አባት ቤት ኮርማ በመልኩ አይመረጥም። መልኩ ጥሩ ከሆነ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የእናቱን ነገር ይጠይቃሉ፤ ስንት ወለደች፣ እንዴት ወለደች፣ በድርቅ ዓመት ወተቷ ነጠፈ ወይስ ቆየ፣ የእናቷ እናትስ? ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው ቅቤ የሚወጣው። ከጀልባ የወረደ ከብት ግን እናት የለውም። ፈይሳ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አውቆም ቅቤውን አስቀደመ።

በማግስቱ ሐመር ኮርማ ፈለገች። አጥሩን እየገፋች ስትጮህ ነጩም ከታሰረበት መለሰላት፤ ድምፁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ፈይሳ ገመዱን ሊፈታ እጁን ዘረጋ። ዳሌዋን አየ፣ ደረቱን አየ። ገመዱን አጥብቆ አሰረና ወጣ።

በቦርሳው ውስጥ ሦስት ዓመት የኖረች አንዲት ወረቀት ነበረች። ወደ ሳዑዲ ሲያልፍ ሐውሹ ውስጥ ያደረ የነጌሌ ሰው ነበር የሰጠው፤ ከወንድሙ ከጂሎ ሰፈር አጠገብ ያለ ባለሱቅ ስልክ ቁጥር። ደውሎ አያውቅም። ምክንያቱን የሚያውቁት እሱና ወንድሙ ናቸው። ፈይሳ ከአገሩ ሲወጣ ደላላውን የከፈለው የአባቱን ኮርማ ሸጦ ነው፤ ግንባሩ ቅቤ የጠጣውን። ወደ ገበያ የነዳው አባቱ ለቅሶ ሄዶ በነበረበት ቀን ነው።

ኢቲሳላቱ፣ ስልክ ቤቱ፣ ከጥላነሽ ምግብ ቤት ሁለት በር ይርቃል። ባለሱቁ አነሣ፤ ጂሎን ላስጠራልህ፣ ከሰዓት በኋላ ደውል አለው። ፈይሳ ወደ ሥራ አልሄደም፤ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሰዓቱ ሲደርስ ደወለ።

«ሃሎ?»

«ጂሎ፣ እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ፈይሳ።»



«ፈይሳ ባሕር በልቶታል» አለ ጂሎ። «አልቅሰንለታል።»

«አልበላኝም።»

«ለአባባ ይህን ብትነግረው ጥሩ ነበር።»

«አባባስ?»

«ካረፈ ስድስት ዓመቱ።»

ፈይሳ የስልኩን ገመድ በጣቱ ይጠመጥም ጀመር። ከዚያ ሊለው የመጣውን ተናገረ።

«ጂሎ፣ ሦስት ጊደሮች አሉኝ። ለእነሱ የሚሆን ኮርማ… ከእናንተ ዘንድ የመጣ ነው። ጆሮውን አውቄዋለሁ። እናቱን ልጠይቅህ ነው።»

«የአባትህን ኮርማ ሸጠህ ሄደህ፣ በአሥራ አንድ ዓመትህ ስለ ኮርማ ልትጠይቀኝ ደወልክ?»

«የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።»

በስልኩ ውስጥ ነፋስ ነፈሰ። ስልኩ የተዘጋ መስሎት ፈይሳ ጆሮውን አጥብቆ ለጠፈ።

«ጆሮው እንዴት ነው የተቆረጠው?» አለ ጂሎ።

ፈይሳ ነገረው፤ ጫፉን ሁለቴ፣ ሥሩን አንዴ። የቀንዱን ስፋት፣ የሻኛውን አወዳደቅ፣ በቀኝ ጉንጩ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ። ጂሎ ሌላ ምንም አልጠየቀውም። የት እንደሚኖር፣ አግብቶ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመለስ አልጠየቀውም። «የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ደውል» ብሎ ዘጋ።

ረቡዕ ሐውሹ ባዶ ሆነ። የቀረው ከብት ሁሉ፣ ጥቁሩም ጭምር፣ ወደ ቄራ ተነዳ። ፈይሳ ራሱ ነው በሩን የከፈተው። ጥቁሩ ሲያልፍ የኋላ እግሩን አየ፤ ሳያስብበት፣ ልማድ ሆኖበት። እግሩ ጥሩ ነበር። የሐመርም ጊዜዋ አለፈ፤ ጩኸቷን ተወች። ከእንግዲህ ሦስት ሳምንት ያህል መጠበቅ ነው። ማታ ማታ ነጩን ውኃ ሲያጠጣ ያፏጫል፤ ሀሺም ከአጥር ማዶ «ዛሬም ሠርግ ነው?» ይለዋል። ጥላነሽ እንደምትለው እነዚያን ቀናት ፈይሳ ሻሂ ሊጠጣ ሲመጣ ፊቱ ሌላ ነበር፤ ሰው ቤቱ እንደሚጠብቀው ዓይነት፣ ቶሎ ጠጥቶ ይነሳል።

በተባለው ዓርብ ከጸሎት በኋላ ደወለ።

«ሄጄ ነበር» አለ ጂሎ።

«የት?»

«ሰዎቹ ዘንድ። ሁለት ቀን በእግር ነው፣ ረሳኸው እንዴ? ኮርማውን ገና ስነግራቸው አወቁት። እናቱም አለች፣ በዐይኔ አይቻታለሁ። ጥሩ ላም ናት፣ ወተቷ አይነጥፍም። ግን የምትወልደው ትልቅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ። እሱም እንደዚያው ነው የሚያወጣው። አራት ጊደሮች አስከብዶ ነበር። ሁለቱ በምጥ ሞቱ፣ ሦስተኛዋ ጥጃዋ ሞቶ ወጣ። ለትልልቅ ላም እንጂ ለጊደር አይሆንም ብለው ነው የሸጡት።»

ፈይሳ የስልኩን እጀታ ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ጊደሮችህ ምን ያህል ናቸው?» አለ ጂሎ።

«ትንንሽ ናቸው። ያለ እናት ያደጉ።»

«እንግዲያው ተወው። ይሂድ፣ ይታረድ። ሌላ ምረጥ።»

«ቅቤ ቀብቼዋለሁ።»

«ምን አልክ?»

«ግንባሩን ቀብቼዋለሁ።»

«ሳትጠይቅ? የእናቱን ሳትጠይቅ ማን ቅቤ ይቀባል! የአባባ ልጅ አይደለህም እንዴ?»

«ውኃ እምቢ ብሎ ነበር» አለ ፈይሳ። «ሳፏጭለት ጠጣ።»

ጂሎ ሊቆጣ የጀመረውን አልጨረሰውም። ከኋላው የሰዎች ድምፅ፣ የአህያ ጩኸት ይሰማል። «አንዱን ቅቡዕ ሸጠሃል» አለው በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «ሁለተኛውን ግን እንዳታሳርድ።»

ፈይሳ ከስልክ ቤቱ ወጥቶ እስከ በረቱ በእግሩ ሄደ። ለቢላ ሊሰጠው አይችልም፤ ለጊደሮቹ ሊሰጠው አይችልም። ሁለቱን እያበላ ሊያኖር፣ ቀሰቡ የለውም። ዝም ብሎ ቢያኖረው ደግሞ አንድ ቀን ገመዱን በጥሶ ሐመር ላይ መውጣቱ አይቀርም። ይህን ሁሉ እያሰበ አጥሩ አጠገብ ሲደርስ ሀሺም አካፋውን ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ አገኘው።

ፈይሳ እንደ ልማዱ አልቀለደም። ቆሞ ትንሹን ቀይ ኮርማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ አየው። በጥላው ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። እግሩ ቀጥ ያለ ነው። የሀሺም ሴት ልጆች በጎኑ ሲያልፉ ራሱን እንኳ አያነሣም።

«ያ ሀሺም፣ የዚህ እናት የት አለች?»

«እናቱ? ያቻት ከኋላዬ።»

አሻግሮ አየ። በዘንባባው ሥር አንዲት ያረጀች ቀይ ላም ቆማለች። ፈይሳ አጥሩን ተሻግሮ ገባ፣ ጎንበስ ብሎ ግቷን ዳበሰ። ለስላሳ ነው፣ አራቱም ጡቶቿ ደህና ናቸው።

«ስንት ወልዳለች?»

«ዘጠኝ። ወላሂ አንድ ቀን ኑ ድረሱልኝ፣ ሳቡልኝ ብዬ ሰው ጠርቼ አላውቅም። ጠዋት ስወጣ ጥጃው ቆሞ ነው የማገኘው። ምነው፣ ፍየል መግዛት አማረህ?»

«መለወጥ ነው። ነጩን ላንተ፣ ቀዩን ለእኔ።»

ሀሺም አካፋውን ጣለው። ነጩን ከአጥር ማዶ አየ፣ ላሞቹን አየ፣ የቆመበትን ጉድጓድ አየ። «ጉድጓድ ቀረልኝ ማለት ነው?»

«ቀረልህ። ላሞችህ ትልልቅ ናቸው፣ ይችሉታል። ግን አንድ ቃል አለኝ። አታርደውም።»

«ሲያረጅስ?»

«ሲያረጅም።»

«ለዒድ?»

«ለዒድም።»

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ኮርማ ነው ወይስ አያትህ ነው?»

«ማል» አለ ፈይሳ።

ሀሺም መሳቁን ተወ። ከጉድጓዱ ወጣ፣ እጁን በወገቡ ባገለደመው ፉጣ ጠረገ፣ ማለለት።

ነጩን በዚያው ቀን አሻገሩት። በመካከላቸው ያለው አጥር ብቻ ነው፤ ግን ሀሺም ኮርማውን ያሰረው ከላሞቹ ጋር፣ በአትክልቱ ጫፍ፣ ከፈይሳ በረት የማይታይበት ቦታ ነው። የሀሺም ልጆች ውኃ በባልዲ ማምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እምቢ አለ። ፈይሳ ከክፍሉ ሆኖ ልጆቹ «ኢሽረብ! ኢሽረብ!» እያሉ ሲለምኑት ይሰማል። አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ዝም አሉ፤ ጠጥቷል ማለት ነው። ለጥላነሽ ሲነግራት «ለመደ» ነው ያላት። ሻሂውን ቀስ ብሎ እየጠጣ እስኪመሽ ተቀመጠ።

ቀዩ ለፈይሳ ቋንቋ ደንታ የለውም። በኦሮምኛ ይጠራዋል፣ ዞሮ አያይም። በአማርኛ ይጠራዋል፣ አያይም። በዓረብኛ «ተዓል!» ሲለው ይመጣል። ሐመር ጊዜዋ ደርሶ እንደገና ስትጮህ ገመዱን ፈታለት፤ ጉድጓድ አላስፈለገም። ከእሷ በኋላ ዳልቻ፣ ከዳልቻ በኋላ ቡሬ ከበደች። ፈይሳ ሐውሹ ውስጥ መሥራቱን ቀጠለ፤ አሁን ግን ኮርማ ሲወርድ ጆሮ አያይም፣ ወደ ሌላ ሥራ ዞር ይላል። ነጩ የሀሺምን ላሞች አስከብዷል፤ ሀሺም በአጥሩ ላይ አሻግሮ ያመሰግነዋል።

በዘጠነኛው ወር፣ ሙቀቱ በርትቶ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ በተጠጋጋበት አንድ ቀትር፣ ሐመር አማጠች። ፈይሳ ዐብደላን አስፈቅዶ ቀርቶ ነበር። እጁን ታጥቦ፣ ገመድ አዘጋጅቶ፣ ከኋላዋ ተንበረከከ። ገመዱ አላስፈለገም። ሁለት ትናንሽ ሰኮና መጣ፣ ከዚያ በሰኮናዎቹ ላይ የተኛ ቀይ አፍንጫ፣ ጠባብ ግንባር፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ባንዴ ተንሸራትቶ እጁ ላይ ወደቀ። ሴት ናት። ሐመር ዞራ አየቻት፣ ደነገጠች፣ ከዚያ መላስ ጀመረች። እሷ ራሷ የተላሰችበትን ቀን የምታውቅ አይመስልም፤ ግን አወቀችበት።

ፈይሳ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ሀሺም ላሕጅ ሄዷል። ቀዩ ጥላው ሥር ያመሰኳል። በረቱ ውስጥ ያለው የሰው ድምፅ የእሱ ብቻ ነበር፤ «ጎሽ፣ ጎሽ» የሚለው።

የምጡ ውኃ የደረቀበትን ሸሚዝ ሳይለውጥ ወደ ሀሽሚ ሄደ። የጥላነሽ ምግብ ቤት ለቀትር ተዘግቷል። የስልክ ቤቱ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሦስተኛዋን ክፍል ጠቆመው። በመካከሉ ጂሎ የራሱን ስልክ ገዝቶ ቁጥሩን በባለሱቁ በኩል ትቶለት ነበር። ፈይሳ ደወለ። ያነሣችው ሴት ናት፤ ድምፅዋን አያውቀውም።

«ጂሎ አለ?»

«ከብት ሊያጠጣ ወርዷል። ማን ልበል?»

«ሐመር ወለደች በይልኝ። ሴት ናት፣ ራሷ ትንሽ ነው፣ ገመድ አላስፈለገም በይው።»

«እሺ። ግን ማን ልበለው?»

«ፈይሳ።»

«የቱ ፈይሳ? እዚህ ፈይሳ ብዙ ነው።»

ፈይሳ አፉን ከፈተ። የአባቱን ስም ሊጠራ ነበር፤ ያ ስም ግን እዚያ ለሚኖሩት ብቻ የተተወ መሰለው።

«የዓደኑ» አላት።

«የዓደኑ ፈይሳ» ብላ ደገመችው፣ እንዳትረሳው። «እነግረዋለሁ።»

ጥጃዋ ገና ጡት አልያዘችም ነበር። የመጀመሪያው ወተት ሳያልፍባት ከእናቷ ሊያጠባት፣ ሒሳቡን አስቀምጦ በፀሐዩ ውስጥ ሮጠ።